አምስቱ ለሰው፣ ስድስተኛው ለእሷ

ጋሽ ጠብታ የሚለውን ስም ያወጣንለት እኛ የኩሽና ሰዎች ነን። ወይን ሲቀዳ አንዲት ጠብታ እንኳ የጠረጴዛ ጨርቅ ላይ ጥሎ ስለማያውቅ ነው። ስሙን ሲሰማ ፈገግ ይላል እንጂ አይቆጣም። መቆጣት የኔ ድርሻ ነው። እኔ የዚያው ሆቴል ኬክ ሠሪ ነኝ፤ ውሃ ቀጠነ ብላ የምትጣላ ሴት ናት ይሉኛል፣ ይበሉ። ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ተነስቶ ሊጥ የሚያቦካ ሰው ሳቂታ እንዲሆንለት የሚፈልግ ካለ፣ እስቲ እሱ መጥቶ ያቡካ።

አሁን አሁን አዲስ የገቡ አስተናጋጆች "ያ የሚወራለት ወይን ቀጂ ግን ምን ሆኖ ነው የሄደው?" እያሉ ይጠይቁኛል። "ጡረታ ወጣ" እላቸዋለሁ። ውሸቴን ነው። የሄደበትን ምክንያት አሳምሬ አውቃለሁ፤ ምክንያቱ እኔ ነኝና። ለነሱ ያልነገርኩትን እዚህ ልናገረው፤ ሆዴ ውስጥ ብዙ ከርሟል።

መጀመሪያ የተዋወቅነው በጠብ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ሥራ በገባ በሳምንቱ፣ ነጭ ኮቱን ለብሶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ክፍሌ ድረስ መጣና "እህት ዓለም፣ ከፖም ኬኩ ላይ ስኳር ትንሽ ብትቀንሺልኝ?" አለኝ።

የእንቁላል መምቻው እጄ ላይ ነበር። "ስንት ዓመት ኬክ ጋገርክ?" አልኩት።

"አንድም ቀን" አለ።

"እንግዲያው ወደ ጠርሙስህ።"

ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይሰድበኛል፣ ወይ ለሥራ አስኪያጁ ይከሰኛል። እሱ ሄደና አንድ ቀጭን ብርጭቆ ይዞ ተመለሰ። ውስጡ ያለው ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፤ ደቃቅ አረፋ ከሥሩ እየተነሳ ሽቅብ ይወጣል። ሞስካቶ ይሉታል። ከጣሊያን የሚመጣ ነጭ ወይን ነው፤ ጣፋጭ፣ ጋዝ ያለው፣ አልኮሉ ከቢራ የማይበልጥ። "ቅመሺ" አለኝ። ቀመስኩ። ኮክ ኮክ ይላል፣ ማር ማር ይላል፣ ምላስ ላይ ይጫወታል። ደስ አለኝ፣ ግን አልነገርኩትም። "አሁን ኬክሽን ጉረሺ" አለኝ። ጎረስኩ። "አሁን ደግሞ ወይኑን።"

የሎሚ ውሃ ሆኖ ቁጭ አለ። ማሩም ኮኩም የት እንደገባ እንጃ። ፊቴ ሲኮማተር አይቶ እንዳይስቅ ከንፈሩን ነከሰ።

"አየሽ፣ ኬኩ ከወይኑ ከጣፈጠ ወይኑ ይኮመጥጣል" አለኝ። "ወይኑ ምንም አልሆነም፣ ያው ነው፤ ምላሳችን ነው የሚያታልለን። ስለዚህ በጣፋጭነት ወይኑ ትንሽ መብለጥ አለበት።"

"ታዲያ ወይንህን ለምን አታጣፍጠውም? የኔ ኬክ በምን ዕዳው ነው የሚሸነፈው?"

"ወይኑን የሠራው ሰው ሩቅ ነው፣ ልለምነው አልችልም። ኬኩን የምትሠሪው ግን አንቺ ነሽ" አለ።

ቀነስኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሠራሁትን ሁሉ እሱ ሳይቀምሰው ወደ ምግብ አዳራሹ አይወጣም ነበር። እንጆሪና ክሬም ለዚያ ወይን የሥጋ ዘመዱ ነው ይላል። የለውዝ ብስኩት ይስማማዋል። ቸኮሌት ግን ይገድለዋል፣ ጥቁሩ ቸኮሌትማ ደብዛውን ነው የሚያጠፋው። አይስክሬም ምላስ ያደነዝዛል፣ ከጎኑ ደረቅ ነገር ካልኖረ ወይኑ አይታወቅም። ይህን ሁሉ የተማርኩት በእልህ ነው። በኋላ በኋላ ግን የምጋግረውን ሲቀምስ ፊቱን ለማየት ሆነ። ይህን ለራሴ ያመንኩት በጣም ዘግይቼ ነው።

የሞስካቶ ጠርሙስ አንድ አመል አለው። አንዴ ከተከፈተ መመለሻ የለውም፤ ጋዙ ይወጣና በማግስቱ የስኳር ውሃ ሆኖ ይጠብቃችኋል። አንድ ጠርሙስ ስድስት ብርጭቆ ይወጣዋል። ሥራ አስኪያጃችን ደግሞ ቋጣሪ ነው፤ "ለአንድ እንግዳ ተብሎ ጠርሙስ አይከፈትም" የሚል ወረቀት የመጋዘኑ በር ላይ ለጥፏል። ስኮች ፕላስተሩን ሳይቀር በስስት ነው የለጠፈው፤ ወረቀቱ በአንድ ጥግ ተንጠልጥሎ ነው የኖረው።

የመስኮቷ ሴትዮ የምንላት አንዲት እንግዳ ነበረች። እሁድ እሁድ ለምሳ ከባሏ ጋር ትመጣና መንገዱን የሚያሳየው መስኮት አጠገብ ትቀመጣለች። ጸጥ ያለች፣ ሽበቷን የማትደብቅ፣ ስታመሰግን የሰው ዓይን ውስጥ የምታይ ሴት ናት። ባሏ ሞተ። ሁለት ወር ጠፋችና አንድ እሁድ ብቻዋን መጥታ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ምግብ አላዘዘችም። "የሚጣፍጥ ነገር ካለ፣ ቀለል ካለ ወይን ጋር" ነው ያለችው። ጋሽ ጠብታ ወረቀቱን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ጠርሙስ ከፈተላት። አምስቱ ብርጭቆ ተደፋ። ሥራ አስኪያጁም የሚናገረውን ሁሉ ተናገረ።

በሚቀጥለው እሁድ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እሷ ከመምጣቷ በፊት አዳራሹን ዞረ። ሦስት ልጆች ይዛ ለመጣች እናት፣ ብቻውን ጋዜጣ ለሚያነበው ሽማግሌ ሐኪም፣ ተኳርፈው ለተቀመጡ ባልና ሚስት፣ ለእያንዳንዱ እንደየጠባዩ እያወራ "ዛሬ የፖም ኬክ አለን፤ ከእሱ ጋር ደግሞ አንድ ብርጭቆ ብትሞክሩ" እያለ አምስት ሰው አሳመነ። ባልና ሚስቱ ከወይኑ በኋላ ታርቀው ወጡ፤ ጋሽ ጠብታ "ኬኩ ነው ያስታረቃቸው" ብሎ ምስጋናውን ለእኔ አመጣልኝ። ስድስተኛው ብርጭቆ የመስኮቷ ሴትዮ ሆነ።

ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ አደረገ። ሰው ሁሉ "ይህ ሰው ጣፋጭን ከወይን ማጣመር ተክኖበታል" እያለ ከሩቅ ሰፈር ይመጣ ጀመር። የተካነው ለምን እንደሆነ የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን። አምስቱ ለሰው፣ ስድስተኛው ለእሷ።

ታዲያ በስድስት ዓመት ውስጥ ምን አላት? "ምን ልታዘዝ?" አላት። "ይጨመር?" አላት። "ደህና ይዋሉ" አላት። በቃ፣ ይኸው ነው። የአስተናጋጅ ሕግ አለ፤ እንግዳ ብርጭቆውን ሳይጨርስ ጠረጴዛው አጠገብ አይደረስም። ጋሽ ጠብታ ደግሞ ሕግ አክባሪ ነው። ፎጣውን ክንዱ ላይ አድርጎ ግድግዳው አጠገብ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እሷ ቀስ ብላ እስከ መጨረሻው ትጠጣለች፤ ብርጭቆው ባዶ ሲሆን እሱ ይሄዳል፣ ሁለት ቃል ይለዋወጣሉ፣ ይመለሳል። ያን ቀን ሙሉ ፊቱ በርቶ ይውላል። እኔ ደግሞ ያን ቀን ሙሉ ትሪ እወረውራለሁ።

አንድ ጊዜ በስሙ ኬክ ጋግሬለት ነበር። በስሙ ስል ማንም አያውቅም፣ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። ከእንቁላል ነጩ ክፍል የተሠራች፣ እንደ ጥጥ የምትቀል፣ በመሃሏ እንጆሪ ያለባት። ሁለት ሳህን አውጥቼ፣ ሽርጤን ቀይሬ "ና እስቲ ቁጭ በልና ብላ" አልኩት። ቆሞ አንዴ ቀመሰና ዓይኑ ተከፈተ። "ይህቺማ ለመስኮቷ ሴትዮ ናት የተሠራችው" ብሎ ሳህኑን አንስቶ ወጣ። እኔም ሁለተኛውን ሳህን ወደ መደርደሪያው መለስኩት። ያን ዕለት ከእቃ አጣቢዋ ጋር ያለ ምክንያት ተጣላሁ፤ ይቅርታ ሳልጠይቃት ነው ሥራ የለቀቀችው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ትኩሳት ይዞት ሦስት ቀን ቀረ፤ ሾርባ ይዤ ልጠይቀው ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች፣ መስኮቷ የጎረቤት ግድግዳ የምታሳይ አንዲት ክፍል ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ። ሾርባውን ያመጣሁበትን ሳህን የት እንደሚያስቀምጠው ግራ ገባው። እናቱ እዚያች ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት አልጋ ላይ ውላ እንደሞተች፣ እሷን ሲያስታምም የማግቢያ ዕድሜው እንዳለፈ አጫወተኝ፤ ሲያወራው የሌላ ሰው ታሪክ ይመስላል።

"ብቸኝነቱ አይከብድህም ጋሼ?" አልኩት።

"ሬዲዮ አለኮ" አለ። ትንሽ አሰበና "እሁድም አለ" አለ።

እኔስ ብትሉኝ እኔም ያው ነኝ። ባሌ ጥሎኝ ከሄደ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ልጄ ሌላ ከተማ ተድራ በወር አንዴ ትደውላለች፤ ስትደውልም ከኋላዋ የሚያባርራት ያለ ይመስል ትቸኩላለች። ቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋ ከራሴ ኮቴ በቀር የምሰማው ድምፅ የለም። እና ያን ቀን የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ እዚህ ቤት ሁለተኛ ወንበር ቢገባስ ብዬ አሰብኩ። ምን ዋጋ አለው፤ ስወጣ በሩ ላይ ቆሞ "እግዜር ይስጥልኝ እህት ዓለም፣ እህትነትሽን አልረሳውም" ብሎ ሸኘኝ። ከዚያ ቃል ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሳለ አንድ እሁድ ባዶ ብርጭቆዋን ይዞ ኩሽና ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል። "ልትሄድ ነው" አለኝ። ልጇ እሱ ወደሚኖርበት ከተማ ሊወስዳት ነው፤ ቤቷን አስረክባለች፤ የሚመጣው እሁድ የመጨረሻዋ ነው።

ልቤ ምን እንዳለ ልንገራችሁ? ዘለለ። አንድ ሳምንት ብቻ ነው፣ ከዚያ መስኮቱ ባዶ ነው፣ ከዚያ እሱ ወዴት ይሄዳል አልኩ። አፌ ግን "ውይ፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል" አለ።

"ልነግራት ነው" አለ።

"ምኑን?"

"ስድስት ዓመት ያልነገርኳትን። እሷም ብቻዋን ናት፣ እኔም ብቻዬን ነኝ። አግቢኝ እላታለሁ። እንቢ ካለችም እንቢ ትበለኝ። ብርጭቆዋን ስትጨርስ እሄድና እነግራታለሁ።"

ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ፈተና ሊወስድ እንደሚሄድ ተማሪ ኮቱን ይቆልፋል፣ ይፈታል። ከዚያ የኮክ ታርት ሥሪልኝ ብሎ ለመነኝ። ታርት ስስ ሊጥ ነው፤ በላዩ የተፈጨ ለውዝ ይነሰነስና የተቆረጠ ኮክ ይደረደርበታል። ትንሽዬ እንዲሆን፣ ለእሷ ብቻ። "ስኳሩን አደራ፣ ለአራት ኮክ ከስልሳ ግራም እንዳያልፍ" አለኝ። "ወይኑ ጥሩ ሆኖ እንዲወጣላት ነው። ደስ ብሏት ትጨርሰው።"

ይህ ቢበቃው ጥሩ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጋዘን ጠራኝ። የጠርሙስ ሣጥን ላይ አስቀመጠኝና "አንቺ እሷን ሁኚልኝ፣ ልለማመድ" አለኝ። እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ኮቱን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ዓይኔ ውስጥ እያየ እንዲህ አለ።

"ስድስት ዓመት ሙሉ ብርጭቆዎ እስኪጎድል ስጠብቅ ኖርኩ። ከእንግዲህ መጠበቁን ትቼ አጠገብዎ ልቀመጥ?"

በሃምሳ ሁለት ዓመቴ እንዲህ ያለ ቃል ተነግሮኝ አያውቅም። ባሌ ሲያገባኝ እንኳ "በቃ እንግዲህ" ነው ያለው። 

"እንዴት ነው?" አለኝ።

"ደህና ነው።"

"ምን ትመልሺልኛለሽ? እሷን ሆነሽ።"

"ተቀመጥ እልሃለሁ" አልኩት።

ሳቀ። "ተቀመጡ ነው የምትለው እንጂ፤ እሷ በአክብሮት ነው የምታናግረኝ" አለና ቃሉን ሁለት ጊዜ ደገመልኝ። ሦስቱንም ጊዜ ሰማሁት። ሦስቱንም ጊዜ ለሌላ ሰው ነበር።

እሁድ ጠዋት ኮኩን ልጬ ቆረጥኩ፣ ሊጡን ዳመጥኩ። አንዱ ቢሰበር መጠባበቂያ ይሁን ብዬ ሁለት አደረግኩት፤ ልማዴ ነው። ስኳሩን ሚዛን ላይ አፈሰስኩ። ስልሳ አለ። እጄ አልቆመም። ሰማንያ። መቶ። ብርጭቆዋ ካልጎደለ አይሄድም፣ ካልሄደ አይነግራትም፣ ካልነገራት እሷ ትሄዳለች እሱ ይቀራል፤ ጭንቅላቴ ውስጥ የሚመላለሰው ይኸው ነበር። ሁለት መቶ ላይ ስደርስ ነው ያቆምኩት። ተሳስቼ አይደለም። ቀንቼ ነው። አንድ ነገር እንኳ ለእኔ ይቅርልኝ ብዬ ነው። ስኳሩ ምድጃው ውስጥ ቀልጦ ኮኩ ላይ አብለጨለጨ። ያን የመሰለ ያማረ ታርት ሠርቼ አላውቅም።

እንደ ልማዱ ሊቀምስ መጣ። ጸጉሩን ተቆርጧል፣ ጫማውን አስጠርጓል። ካልሰጠሁት ይጠረጥራል ብዬ መጠባበቂያውን ፊቱ አስቀመጥኩለት። ማንኪያውን አነሳ። እውነቱን ልናገር፣ ግማሽ ልቤ ቅመሰውና አዋርደኝ ይል ነበር። ማንኪያውን መልሶ አስቀመጠው።

"ዛሬ አፌ ደርቋል፣ ምንም አይለይልኝም" አለ። "ደግሞስ ካንቺ እጅ የወጣ ምን ይቀመሳል።"

ቅመሰው እንጂ ጋሼ ማለት ምን ያህል ይከብዳል? አላልኩም። ሳህኑን ይዞ ወጣ። እኔም መጠባበቂያውን ቆሻሻ ውስጥ፣ የእንቁላል ቅርፊት ሥር ቀበርኩት።

የኩሽናው በር ላይ ክብ መስታወት አለ፤ እዚያ ተለጥፌ ቆምኩ። አምስቱን ሰው አስቀድሞ አሳምኗል። ጠርሙሱን እሷ ጠረጴዛ ላይ ከፈተው፤ ቡሹ ትንፍሽ እንኳ አላለም። ቀዳላት፣ ታርቱን አስቀመጠላት፣ ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

መጀመሪያ ወይኑን ፉት አለችና ፈገግ አለች። ከዚያ ታርቱን ቆረሰች። ዓይኗን ጨፈነች። ሌላ ቆረሰች፣ ሌላም። ጣፈጣት። ከዚያ ብርጭቆውን አንስታ ፉት ስትል ፊቷ ተለወጠ። ብርጭቆውን ራቅ አድርጋ አየችው፤ ቀስ ብላ አስቀመጠችው፤ በጣቷ ወደ ጠረጴዛው ዳር ገፋ አደረገችው። ታርቱን እስከ ፍርፋሪው በላች፤ ወይኑን ዳግመኛ አልነካችውም።

እሱ ቆሟል። ሩብ ሰዓት ቆመ፣ ግማሽ ሰዓት ቆመ። ዓይኑ ከብርጭቆዋ አይነሳም። አረፋው አልቆ ወይኑ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ሂድ እንጂ አንተ ሰው፣ ሕጉ ምን ያደርግልሃል ብዬ በሩን ከፍቼ ልናገር ትንሽ ነው የቀረኝ፤ ያሰርኩት እኔ፣ የምጨነቅለትም እኔ። ልጇ መጣ፤ የመኪና ቁልፍ ጣቱ ላይ የሚያሽከረክር ረጅም ሰውዬ። ኮቷን አለበሳት። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ ጋሽ ጠብታን አንድ ነገር አለችው። እሱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ወጡ።

ከነሙሉ ብርጭቆው ኩሽና ገባ። "ለኬክ ሠሪዋ ምስጋናዬን አድርሱልኝ ብላለች" አለኝ። "በስድስት ዓመት እንደ ዛሬው የጣፈጠኝ የለም ብላለች።" መልእክቱን ሳይሸራርፍ አደረሰ፤ እሱ እንደዚያ ነው። ከዚያ ከብርጭቆዋ ፉት አለ።

"ጋዙ ወጣ እንጂ ወይኑ ደህና ነው" አለ። "ኬኩም ደህና ነው፣ ወዳዋለች። ስለዚህ ዱሮም አትወደውም ነበር ማለት ነው። እኔ እንዳላፍር ብላ፣ ለትህትና ብላ ነው ስትጠጣው የኖረችው። ዛሬ የመጨረሻዋ ስለሆነ ተገላገለች።"

"እንዲህ ብለህ አታስብ ጋሼ" አልኩት። ያን ያህል ነው ከአፌ የወጣው።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ሰምታችኋል፤ እኔ ነኝ። እሱ ቀረልኝ፣ አዎ ቀረልኝ። የቀረው ግን ሌላ ሰው ነው። ሞስካቶ ለሚጠይቅ እንግዳ፣ መጋዘኑ ሙሉ ሳለ፣ "አልቋል" ይላል። ለመቅመስ ወደ ክፍሌ መምጣቱን ተወ፤ በሩ ላይ ሆኖ "ይውጣ" ብቻ ነው። በሁለተኛው እሁድ ለሐኪሙ ቀይ ወይን ሲቀዳ ጨርቁ ላይ አንጠባጠበ፤ ከኩሽና ሰው አንድም አልቀለደበትም። ሠራተኛው ምሳ ሲበላ እኔና እሱ ፊት ለፊት እንቀመጣለን። የተመኘሁት ይኸው አልነበረም? ሾርባውን ያማስላል፣ ቀና አይልም። ቤቴ ብቻዬን ስቀመጥ ያን ያህል ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ዱቄት ስነፋ ወረቀት ይዞ መጣ። "የሥራ መልቀቂያዬ ነው፣ አንቺ ቀድመሽ እወቂው ብዬ ነው" አለኝ።

"የት ልትሄድ?"

"የትም። ቤቴ እቀመጣለሁ። አንድ ሰው የሚወደውንና የማይወደውን በስድስት ዓመት ያላወቅኩ፣ ከእንግዲህ ለማን ምን እመርጣለሁ? ለሰው የሚስማማውን አውቃለሁ ብዬ ስመጻደቅ የኖርኩ ጅል ነኝ።"

ያቺ ክፍል መጣችብኝ። አንዱ ወንበር፣ ያ መስኮት፣ ያ ግድግዳ። እዚያ ቁጭ ብሎ ሊያልቅ ነው፤ ያውም በኔ ስኳር። ወንፊቱን አስቀመጥኩ።

"ስኳሩን የጨመርኩት እኔ ነኝ" አልኩት። አንዴ ከጀመርኩ ማን ያቁመኝ። "ስልሳ ብለኸኝ ስልሳ አላደረግኩም። አውቄ ነው ጋሼ። ወይኑ እንዲኮመጥጥባት፣ ብርጭቆዋ እንዳይጎድል፣ አንተ እንዳትነግራት ብዬ ነው። ትተኸኝ እንዳትሄድ ብዬ ነው። ስለምወድህ ነው።"

በቃ፣ ወጣ። እጄ እስከ ክርኔ ዱቄት ነው፣ እንባዬን የምጠርግበት እንኳ የለኝም። አሁን ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ይገባኛል። የዱቄት ጆንያው ላይ ተቀመጠ።  ከዚያ ቀስ ብሎ ቀና አለ፤ ያ የጠፋው የእሁድ ፊቱ ተመልሶ መጣ። እኔ ሞኟ፣ ለአንድ አፍታ ለእኔ መሰለኝ።

"ስለዚህ ወይኑን አልጠላችውም?" አለኝ።

ሌላውን አልሰማውም። ወይም ሰምቶ፣ ለእኔ ክብር ብሎ፣ እንዳልሰማ ሆነ። የቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጠይቄውም አላውቅም።

"አልጠላችውም" አልኩት። "የልጇ አድራሻ እንግዳ መቀበያው መዝገብ ላይ አለ፤ ሊወስዳት ሲመጣ እዚሁ ነው ያደረው። ሂድ።"

ወረቀቱን ጆንያው ላይ ትቶት ሄደ። ለሥራ አስኪያጁ ያደረስኩለት እኔ ነኝ።

ሁለት ወር ሙሉ ወሬው አልተሰማም። አንድ ማክሰኞ ቀን ከእንግዳ መቀበያ "ስልክ አለሽ" ተባልኩ። ልጄ መስላኝ እጄን በሽርጤ እየጠረግኩ ሮጥኩ። እሱ ነው። ደህና ነሽ ወይ አለኝ፣ ያ አስቸጋሪ ምድጃሽ ተሠራ ወይ አለኝ፣ ስለ ሥራ አስኪያጁ ጠይቆ ሳቀ። ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ መሰለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ያን ቀን የሠራሽውን ታርት አልረሳችውም። እሁድ በመጣ ቁጥር ታነሳብኛለች። ልሠራላት ሞክሬ አልሆነልኝም። ስኳሩ ስንት ነበር?"

"ከሞስካቶ ጋር እኮ አይሄድም። አንተው አይደለህ ያስተማርከኝ?"

"ወይኑን ትተነዋል" አለ። "ጣፋጩን በሻይ ነው የምንበላው።"

የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ እያየችኝ ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

"ታዲያ፣ ስኳሩ?" አለኝ።

"ልኩን እያስታወስኩ ነው" አልኩት። ልኩን መቼ ረሳሁትና። "ጻፍ። ለአራት ኮክ ሁለት መቶ ግራም።"

እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ተሰማኝ። ከዚያ ቆመ።

"አይበዛም?" አለኝ።

"ይበዛል" አልኩት።